የጫጫ ቪዲዮ ቤትና የኃይሌ ገሪማ እብዶች

በ1990ዎቹ ጫጫ ላይ ቪዲዮ ቤት በር ቆሜ ሳንቲም እቀበል ነበር። ቤቱ የወንድሜ ነው፤ ጭቃ ምርጊት፣ ስድስት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። የዕለቱን ፊልም ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። የአገራችንን ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከሚገባው ሰው ግማሹ ፊልሙን፣ ግማሹ ሙቀቱን ፈልጎ ነው።

ፊልም ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ «አክተሩ የቱ ነው?» ነበር። አክተሩ ከታወቀ ሌላው ቀላል ነው፤ አክተር አይሞትማ። ከሞተ ግን በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ የምሰደበው።

የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን ስም ወደዚያ ቤት ያስገባው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲያልፍ እኛ ጋ ሻይ ይጠጣል። አንድ ቀን በ1999 እንደ ፈረንጆቹ የወጣውን «ዓድዋ» የተባለውን ፊልሙን በካሴት ይዞልን መጣ። እኔም ሰሌዳው ላይ «የምኒልክ ፊልም» ብዬ ጻፍኩ። ምኒልክ ለጫጫ ሩቅ ንጉሥ አይደሉም፤ በነሐሴ 1836 የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን፣ አያታቸው ሣህለ ሥላሴ በከተሙበት አንጎለላ ነው። ወሬው ገበያ ለገበያ ተዛመተና ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ አዛውንቶች ሁሉ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ የኛዎቹ ሽማግሌዎችም ሲገቡ አማትበው ነው።

ከዚያ ጉድ ፈላ። አክተር የለ! የግድግዳ ሥዕል፣ የሽማግሌ ትረካ፣ ቀረርቶ፣ የዳይሬክተሩ የራሱ ድምፅ። «ጦርነቱስ?» አለ አንዱ። «መድፉ የታለ?» አለ ሌላው። ወንድሜ ለግማሹ ሰው ሳንቲሙን መለሰ። የቀሩት ግን እስከ መጨረሻው አዩት፤ ካለቀ በኋላ መብራት ሲጠፋ እንኳ አልተነሡም። የቄስ ትምህርት የነበራቸው አንድ አባት «ይኼ ሰው ፊልም አልሠራም፤ አባቱ የነገሩትን ነው የሚያወራው» አሉ። ግምታቸው ከዒላማው አልራቀም። አባቱ ገሪማ ታፈረ ቴአትር ደራሲ ነበሩ፤ የጎንደር አርበኞችን ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» ብለው የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ምሽት አራት ሰዎች ተረፍን፦ ሹፌሩ፣ አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንድ ጡረተኛ ወታደርና እኔ። የኃይሌን የተቀሩትን ፊልሞች ለማሰባሰብ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀብን። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ በ1967 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ ሄዶ ቺካጎ ቴአትር ተማረ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከነቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ጋር ሆሊውድን ጀርባ የሰጠ ፊልም መሥራት ያዘ። «ሳንኮፋ»ን በ1993 እንደ ፈረንጆቹ ሲያወጣ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አጣ፤ ሲኒማ ቤት በራሱ እየተከራየ አሳየው። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ለዓመታት ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ደግሞ መጽሐፍና ቪዲዮ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «በል እንግዲህ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው» ብሎ ሳቀ።

እኔን የጣለኝ ግን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። መምህሩ ከአዲስ አበባ በላፕቶፕ ይዞት መጣ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ኃይሌ ገና ተማሪ ሳለ በ1966፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ አገር ቤት ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያነሣው ነው። ተዋንያኑ ካሜራ የማያውቁ ገበሬዎች ናቸው። ባለርስቱ ደጁ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ይሳደባል፤ ጭሰኛው ያርሳል። በሕልም ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው እንደ በሬ ቀንበር ተሸክመው ይታረሳል። ያን ጊዜ ወታደሩን አየሁት። አባቱ ጭሰኛ ነበር። አልተናገረም፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

ክርክሩ የተነሣው በበነጋታው ነው። መምህሩ ወረቀት ይዞ መጣ። «የገጠር መሬት አዋጅ መቼ ነው የታወጀው?» አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 መሆኑን ማን ይስታል። «ኃይሌስ መቼ ተወለደ?» አለና ወረቀቱን ዘረጋው፤ ፈረንጆቹ ማርች 4 ቀን 1946 የሚሉት ወደኛ ሲመለስ የካቲት 25 ቀን 1938 ነው። ሰውየው 29 ዓመት በሞላው ዕለት፣ በካሜራው የያዘው ባለርስት ከሕግ ወጣ! ሹፌሩ «አጋጣሚ ነው» አለ። እኔም አጋጣሚ ነው እላለሁ። ግን ፊልሙ ተነሥቶ ዓመት ሳይሞላው ያ ወንበር ባዶ መቅረቱ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሰውየው ሊፈርስ የተቃረበ ቤት በር ላይ ደርሶ ነው ካሜራውን የተከለው።

የመምህሩ ዋና ነገር ግን ሌላ ነበር። «እብዱን ተከተሉ» ይል ነበር። በ«ምርት» ውስጥ ከበበ አለ፤ ለአገሩ ዘምቶ ሲመለስ መሬቱን ያጣ፣ ልጆች የሚከቡት፣ መንደሩ እብድ የሚለው። በ1982 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ከቬትናም ጦርነት አእምሮው ታውኮ የተመለሰው ኔድ ቻርልስ አለ፤ መጠጊያው አያቱ የምትኖርበት ገጠር ነው። በ«ጤዛ» ደግሞ አንበርብር፤ ጀርመን አገር ዘረኞች አካሉን አጉድለውት እናቱ ቤት ይገባል፣ ሌሊት ይቃዣል፣ ጠበል ይወስዱታል። ሦስቱም ከሩቅ የተመለሱ ናቸው፤ የኋለኞቹን ሁለቱን የሚቀበል መሬትና አሮጊት አለ። «ሳንኮፋ» ራሱ በአካን ቋንቋ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣት ማለት ነው። እንደ መምህሩ አባባል ኃይሌ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አንድ ፊልም ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አልቀበልም። «ሳንኮፋ» ስብከት ይበዛበታል። «ጤዛ»ም በ2000 መጨረሻ ከቬኒስ ሁለት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ከዋጋዱጉ ትልቁን ሽልማት ይዞ ቢመለስም፣ የጀርመኑ ክፍል ረዝሞብኛል። ሹፌሩ ግን «ጤዛ»ን አያስነካም። የደርግ ሰዎች ጎረምሶች ሊያፍሱ ሲመጡ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበትን ሲያይ ያሳደገችው አክስቱ ጎተራ ውስጥ የደበቀችው ትዝ ይለዋል።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ አሁን የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። አንዱን አግዳሚ ወንድሜ ደጅ አውጥቶታል። ባለፈው ጥር ወታደሩ እዚያ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና መምህሩ በስልክ ሰላም እንዳለው ነገርኩት።

«አሁንም ከበበ እብድ ነው ይላል?» አለኝ።

«ይላል፣ ጋሼ።»

«ባለርስቱን በዱላ ሲለው አላየም እንዴ? እብድ ቢሆን ይስት ነበር» አለና ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።