ዒድ የሥራ ቀን በነበረበት ዘመን

የዒድ ቀን ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ዝግ መሆኑ ለልጆቻችን እንደ ፀሐይ መውጣት የተለመደ ነገር ነው። እኔም የተወለድኩት ነገሩ ከተለመደ በኋላ ስለሆነ፣ ዋጋውን የተረዳሁት የዛሬ ጥቂት ዓመት አረጋዊ አባቴን ይዤ ለዒድ አልፈጥር ከቦምቤ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ነው።

በአረካ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል ተጉዘን ዘመድ ቤት አደርን። በማለዳ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ስንደርስ ውስጡ ሞልቶ፣ ሕዝቡ በዙሪያው ባሉት አስፋልቶች ላይ መስገጃውን አንጥፏል። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል። ተክቢራው ከየአቅጣጫው ይሰማል። አባቴ ቆም ብለው ዙሪያውን ሲመለከቱ ዕንባቸው መጣ።

«አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አልደከመኝም ልጄ። እኔ በዚህ ከተማ ዒድን የሰገድኩት እንደ ሌባ እየሮጥኩ ነበር» አሉኝ።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ይሠሩ ነበር። ዒድ በሥራ ቀን ሲውል ሰግደው ወደ ሥራ ይሮጣሉ። አንድ ጊዜ አርፍደው በመድረሳቸው የዕለቱ ደመወዝ ተቆረጠባቸው። «የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም» አሉ። «ለገናና ለፋሲካ ባልደረቦቼን እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ቤቴ አርፌ እውላለሁ። የእኔ በዓል ግን በአገሬ በዓል አልነበረም።»

እውነታቸውን ነው። በንጉሡ ዘመን ከሃይማኖት በዓላት መካከል መንግሥት በሕግ የሚያከብረው የክርስትናውን ብቻ ነበር። ሙስሊሙ የሚጠራበት ስም እንኳ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል ነበር፤ ልክ ከሌላ አገር መጥቶ እንደተጠጋ ሰው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ግን የአዲስ አበባ ሙስሊሞች በሰላም ሰልፍ አደባባይ ወጡ። የተሰላፊው ቁጥር እስከ መቶ ሺህ ይገመታል። ለጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ነበሩ። ከእነዚህም መካከል በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚሉት ይገኙበታል። መዘንጋት የሌለበት፣ በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያን ወገኖቻችንም መኖራቸው ነው። አባቴም ያን ቀን የተሰለፉት ከአንድ ክርስቲያን የሥራ ባልደረባቸው ጋር ጎን ለጎን ሆነው ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። በዚያው ዓመት ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አል አድሐ (ዓረፋ) እና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆነው በደርግ መንግሥት ታወቁ። ሥርዓቱ በብዙ ነገር ሕዝቡን ያስለቀሰ ቢሆንም፣ ይህ ውሳኔ ከዚያ ወዲህ በመጡት መንግሥታትም ሳይሻር ቆይቷል።

እርግጥ ነው፣ ዒድን ዒድ ያደረገው አዋጅ አይደለም። ሁለቱን ዒዶች ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ለኡመታቸው ደንግገውልናል፤ አባቶቻችንም ያለ ዕረፍት አክብረዋቸዋል። አዋጁ የሰጠው ሌላ ነገር ነው። ወላጅን ለመዘየር፣ የታመመን ለመጠየቅ፣ ከልጆች ጋር በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ ጊዜ ሰጠ። ከሁሉም በላይ ሙስሊሙ በገዛ አገሩ እንግዳ አለመሆኑን አስመሰከረ።

እኛ በወላይታ ቁጥራችን ጥቂት ነው። በመስከረም ጎረቤቶቻችን ጊፋታን ሲያከብሩ እንኳን አደረሳችሁ እንላለን፤ በዒድ ቀን እነርሱም ደጃችን ይመጣሉ። አባቴ የተመኙት ይህንኑ ነበር።

ወላጆች ሆይ! የዒድ ዕረፍት በእንቅልፍና በቴሌቪዥን እንዳያልፍ እንጠንቀቅ። በቤታችሁ ያንን ዘመን ያየ አዛውንት ካለ፣ በመጪው ዒድ ልጆቻችሁን በዙሪያው አስቀምጡና ጠይቁት። እኔ ከአባቴ ጋር አርባ ዓመት ኖሬ ይህን የሰማሁት በአንድ ማለዳ፣ ያውም በአጋጣሚ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የአባቶቻችንን ልፋት ይቀበል፤ እኛንም ውለታ የማንረሳ ያድርገን። አሚን።