አራት እጥፍ

«እናንተ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። የሚያገባንማ ብዙ ነው። አንድ ሰው አልባ ትንሽ አይሮፕላን ስለ ሰው ልጅ ኩራት ያስተማረን ቀላል አይደለምና።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሳሙኤል ላንግሌይ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ከ1887 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተቋም የበላይ ኃላፊ ሆነ። ከአየር የከበደ ነገር በሞተር ይበራል ማለት በዚያ ዘመን መሳቂያ ያደርግ ነበር። እሱ ግን ክርክሩን ትቶ መሥራት ያዘ። ሜይ 6 ቀን 1896 በእንፋሎት የሚሠራው ሞዴሉ ከፖቶማክ ወንዝ ላይ ተወንጭፎ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በረረ። የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በቦታው ተገኝቶ ፎቶግራፍ አነሳው።

ይህ ነፃ በረራ የሚባለው ነው። በራዲዮ መምራት የለ፣ የሚይዘው ገመድ የለ፤ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ራሱ መጠበቅ አለበት። ላንግሌይ ሁለት ጥንድ ክንፎችን ከፊትና ከኋላ አስቀመጠ፤ ጫፎቻቸውንም ወደ ላይ ቀና አደረጋቸው። ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ዝቅ ያለው ክንፍ የበለጠ የአየር ግፊት አግኝቶ ይመልሰዋል። አፍንጫው ሲደፋ ደግሞ ጅራቱ ያቃናዋል።

በ1898 የአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ሰው የሚጭን አይሮፕላን እንዲሠራ 50,000 ዶላር ሰጠው። ላንግሌይ አስቀድሞ የታሰበውን አይሮፕላን ሩብ የሚያክል ሞዴል አሠራ። ሩብ ቢባልም መጫወቻ አይምሰለን፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ፣ ክብደቱም 19 ኪሎ ያህል ነበር። ሞተሩ የቤንዚን ነው። ጁን 18 ቀን 1901 በረረ። ከአየር የከበደ ነገር በቤንዚን ሞተር ሲበር ይህ የመጀመሪያው ነው። ኦገስት 8 ቀን 1903 ሞተሩ ተሻሽሎ እንደገና በረረ።

ታዲያ ትንሹ ከበረረ ትልቁ ምን ያግደዋል? እስቲ እናስላው። ርዝመት 4 እጥፍ ሲሆን ስፋት 16 እጥፍ፣ ይዘት ግን 64 እጥፍ ይሆናል። ክንፍ የሚያነሳው በስፋቱ ነው፤ ዕቃ የሚከብደው በይዘቱ ነው። ሞዴሉ እንዳለ ቢያድግ ኖሮ ከ1,200 ኪሎ በላይ በመዘነ ነበር። የላንግሌይ ሰዎች ግን አብራሪው ጭምር 340 ኪሎ ያህል አደረሱት። ረዳቱ ቻርልስ ማንሊም 52 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ለዘመኑ እጅግ ቀላል የሆነ ሞተር አበጀለት። ብልሃት ነው፤ ግን ሥጋው ሲቀነስ አጥንቱም አብሮ ቀጠነ።

ኦክቶበር 7 ቀን 1903 ማንሊ ተሳፍሮ ተወነጨፈ፤ ወንዝ ገባ። ዲሴምበር 8 እንደገና ሞከሩ፤ የኋላ ክንፉና ጅራቱ ተሰባብሮ ወደቀ፤ ማንሊ ከበረዶ ውሃ ለጥቂት ተረፈ። ላንግሌይ ጥፋቱን በማስወንጨፊያው አሳበበ። ነገሩን ኋላ ያጠኑት ብዙዎች ግን አካሉ ደካማ ነበር ይላሉ። ጋዜጦችም ተሳለቁበት። ልክ በዘጠነኛው ቀን ራይት ወንድማማቾች በሰው የሚመራውን አይሮፕላናቸውን አበረሩ። እነሱ ያለ ሞተር እየተንሳፈፉ መንዳትን ለዓመታት ተምረው ነበር። የላንግሌይ ሞዴል ግን ነጂ አልነበረውም፤ ስለዚህ ስለ መንዳት ምንም ሊያስተምረው አልቻለም።

ላንግሌይ በ1906 ሞተ። የባሰው ነገር የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በ1914 ግሌን ከርቲስ የተባለው፣ ከራይቶች ጋር በፓተንት የሚካሰስ ሰው፣ በተቋሙ ፈቃድና ገንዘብ የወደቀውን አይሮፕላን አንስቶ ብዙ ነገሩን ለዋውጦ ከሐይቅ ላይ ብድግ አደረገው። ተቋሙም ለውጡን ሳይናገር፣ ሰው ጭኖ ለመብረር የበቃ የመጀመሪያው አይሮፕላን ይህ ነው ብሎ በሙዚየሙ ጽፎ ሰቀለ። ኦርቪል ራይት ተቀይሞ የራሱን አይሮፕላን በ1928 ለንደን ላከው። ተቋሙ ለውጦቹን ዘርዝሮ ያመነው በ1942 ነው። አይሮፕላኑም ዲሴምበር 17 ቀን 1948 በዋሽንግተን ለሕዝብ ቀረበ። ኦርቪል ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ አርፎ ነበር፤ አላየውም።

እንግዲህ እኛን ያሳዘነን የላንግሌይ መውደቅ አይደለም። ሠርቶ መውደቅ የወግ ነው። ሩቡ ሞዴል የራሱ እውነተኛ ክብር ነበረው፤ ያንን እንዳለ መጻፍ ይበቃ ነበር። ለሟቹ ያልበረረበትን በረራ ሲጨምሩለት የበረረውንም አደበዘዙበት። ነገ በየመዝገብ ቤቱና በየሙዚየሙ ብዕር የምንይዘው እኛ ነን። ያን ጊዜ የራሳችንን ሰው አራት እጥፍ አድርገን ለመጻፍ እጃችን ሲቃጣ፣ ይዘቱ 64 እጥፍ እንደሚከብድ እናስታውስ።