ሎግ ፋይል ስንት ሳምንት ይቆይ?

የዩኒክስ ሥርዓት የሠራውን ይጽፋል፤ ማን እንደገባ፣ የትኛው አገልግሎት እንደቆመ፣ የትኛው ኢሜይል እንደተላከ በሎግ ፋይል ያኖራል። ልማዱ የሥርዓቱን ያህል ዕድሜ አለው። የተጠቃሚዎችን መግቢያና መውጫ የሚይዘው «ደብልዩቲኤምፒ» እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ላይ ይገኛል። በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን በበርክሌይ ለኢሜይል አስተላላፊው ፕሮግራም ለ«ሴንድሜይል» ብሎ የጻፈው «ሲስሎግ» ደግሞ የብዙ ፕሮግራሞችን መልእክት አንድ ቦታ ሰበሰበ። የተሰበሰበው ሁሉ ዲስክ ይበላል።

ዲስኩ ሲሞላ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ፋይሉን መሰረዝ ነው፤ የተለመደው ስሕተትም እሱው ነው። ስሙ ቢጠፋም ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። ስሙን መለወጥ ብቻውንም አይበቃም፤ ፕሮግራሙ እዚያው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ስለዚህ ስሙ ይለወጣል፣ ፕሮግራሙ አዲስ ፋይል እንዲከፍት ምልክት ይሰጠዋል፣ ከዚያ አሮጌው ይጨመቃል። ይህን ሁሉ አስተዳዳሪዎች በየራሳቸው ስክሪፕት ጽፈው ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስጀምረው በ«ክሮን» ሌሊት ሌሊት ያስኬዱት ነበር። በ1990ዎቹ ኤሪክ ትሮአን በሬድ ሃት የጻፈው «ሎግሮቴት» ሥራውን ወደ ጥቂት መስመሮች አወረደው፦ በየሳምንቱ ቀይር፣ አራት አስቀር፣ ከዚያ ያረጀውን ጣል። ምልክት ለማይቀበል ፕሮግራም ፋይሉን ገልብጦ ዋናውን ባዶ የሚያደርግ አማራጭም አለው፤ በሁለቱ መካከል የተጻፈ መስመር ግን ይጠፋል።

ለድረ ገጽ ጎብኚዎች ቆጠራ ይህ ጉዳት አይባልም። ክርክር ለሚነሳበት ሥራ ግን ሌላ ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ የሚወጣው በኮምፒዩተር ነው፤ የኮዬ ፈጬ ቤቶች የተካተቱበት የየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣም እንዲሁ ነበር። የሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዕጣ የመረጃ ማጭበርበር ተገኝቶበታል ተብሎ ተሰረዘ። ማን፣ መቼ፣ ምን ቀየረ ለሚል ጥያቄ ከሎግ የተሻለ ምስክር የለም። ቅሬታው ከሁለት ወር በኋላ ቢመጣ፣ በአራት ሳምንቱ ቅንብር ምስክሩ ተጥሏል።

በኢትዮጵያ የማቆያ ጊዜው የዲስክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃው በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው፤ አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒዩተር ትራፊክ መረጃን (ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደነበር) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በበኩሉ የግል መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ እንዳይከማች ይከለክላል። በየሳምንቱ ለሚቀየር ፋይል እንግዲህ አራት የነበረው ቁጥር 53 ይሆናል። ቅጂውም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ወደማይደርስበት ሌላ ማሽን ቢላክ ይመረጣል፤ ሲስሎግ በኔትወርክ መላክ ከጥንትም ያውቅበታል።