ሞል፦ ቆጠራ በሚዛን

ቢቸናም ሆነ ሞታ ገበያ ላይ ጤፍን በፍሬ የሚቆጥር የለም፤ ሥራው የሚዛን ነው። ኬሚስትሪም ሞለኪውልን የሚቆጥረው እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩን ከክብደት ጋር የሚያገናኘው ቃል ሞል ይባላል።

አንድ ሞል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት ነው። ቁጥሩ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት በዚሁ ልክ ጸንቷል። ስሙ የአቮጋድሮ ቁጥር ይሁን እንጂ ጣሊያናዊው አቮጋድሮ ራሱ አስልቶት አያውቅም።

ምሳሌው ማሳ ዳር አለ፦ ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ። አንዱ ሞለኪውል 1 ካርቦን፣ 1 ኦክስጅን፣ 2 ናይትሮጅንና 4 ሃይድሮጅን ይዟል። የየንጥረ ነገሩ አቶሞች ጠቅላላ ክብደት በቅደም ተከተል 12፣ 16፣ 28 እና 4 ነው፤ ሲደመር 60። ስለዚህ አንድ ሞል ዩሪያ 60 ግራም ይመዝናል።

«3.01 × 10²³ የዩሪያ ሞለኪውል ስንት ግራም ነው?» የተባለ ተማሪ መጀመሪያ በአቮጋድሮ ቁጥር ያካፍላል፤ ግማሽ ሞል ያገኛል። በ60 ሲያባዛው 30 ግራም ይመጣል፤ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ማካፈሉና ማባዛቱ ቦታ ከተለዋወጡ ግን ጉድ ነው፦ መልሱ ከፀሐይ የከበደ ዩሪያ ይሆናል!

ገበሬው የሚሸከመው የ50 ኪሎ ጆንያ 833 ሞል ገደማ ነው። ከ60ው 28ቱ ናይትሮጅን ስለሆነ ድርሻው 46.7 በመቶ ይሆናል። ጆንያው ላይ 46 ተብሎ የሚታተመው የፋብሪካ ዩሪያ ፍጹም ንጹሕ ስላልሆነ ነው፤ ከአንድ ጆንያ ለሰብሉ የሚደርሰው ናይትሮጅን ቢበዛ 23 ኪሎ ነው።