ጧሪ ያጡ አረጋውያንና የዘነጋነው ወቅፍ

የእንጦጦን ሰንሰለት በስተግራ ትተህ ከመገናኛ በኮተቤ ወደ አያት ብታቀና ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበትን መቄዶንያን ታገኛለህ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ል. ሲጀምረው በቤተሰቡ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ከጎዳና የተነሱት ያኔ ጥቂት ሽማግሌዎችና የአእምሮ ሕሙማን ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከቅርንጫፎቹ ጋር የተጠለሉት በሺዎች ይቆጠራሉ። ሃይማኖትም ብሔርም አይጠየቅም። (አካባቢው የየካ ነበር፤ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ሲቋቋም ወደዚያ ተካቷል።)

«ሙስሊም ወላጁን ለማዕከል አይሰጥም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 በእርጅና ላይ ላሉ ወላጆች የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳንናገር ከልክሎናል። ነገር ግን ልጆቿን ሁሉ የቀበረችውን እናት ማን ይጡራት?

ማዕከሉ የሚተዳደረው በአብዛኛው በመዋጮ ነው። አንዱ የዕለት ምግብ ያበላል፣ ሌላው ልብስ ይሰጣል። መዋጮ ደግሞ፣ በረመዳን እንደምናየው፣ አንድ ወር ይሞላል፣ አሥራ አንድ ወር ይጎድላል። የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሱልጣን ቀላውን በ683 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1284) በካይሮ ማሪስታን የተባለውን የሕሙማን ቤት ሲያሠራ፣ ቀለቡንና መድኃኒቱን ለለጋሽ ስሜት አልተወውም፤ ገቢ የሚያስገኝ ንብረት ወቅፍ አደረገለት። ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት ይታከሙበት ነበር። በመርካቶ ሱቆች ያሉህ ወንድሜ፣ የአንዲቷን ኪራይ ለአረጋውያን ወቅፍ ማድረግ ይከብድሃልን? ሱልጣኑ ከሞተ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም በዚያው ስፍራ የዓይን ሕሙማን ይታከሙ ነበር።