አያቴ ጣሳ አትጥልም

እናንተዬ፣ ቅዳሜ ከእህቴ ልጆች ጋር ባዶ የወተት ጣሳ በምስማር ስንበሳ ዋልን። ሥሩ እንዳይበሰብስ ከታች አራት አምስት ቀዳዳ ይበቃል። ከዚያ አፈር፣ ትንሽ ፍግ፣ አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም። ልጆቹ አዲስ ነገር የፈጠርን መሰላቸው። እኔም መስሎኝ ነበር... አያቴ እስክትስቅብን ድረስ።

እንግሊዛዊው ፒተር ዱራንድ እ.ኤ.አ. በ1810 ምግብን በቆርቆሮ ጣሳ የማቆየት ዘዴ ሲያስመዘግብ፣ ባዶው ጣሳ ምን እንደሚሆን ያሰበበት አይመስለኝም። የእኛ እናቶች አሰቡበት፤ እህል ሰፈሩበት፣ ውኃ ቀዱበት፣ አበባ ተከሉበት። የተረፈውን ቁራሌው ይወስደዋል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል።

አያቴ ደጃፍ ያለችው ጣሳ ግን ትለያለች። ዝገት በልቷታል፤ «ዩ ኤስ ኤ» የሚለው ጽሑፍ ግን በግድም ቢሆን ይነበባል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ወሎ ውስጥ የእርዳታ ዘይት የተሰጣት በእሷ ነው።

«ዘይቱንስ ምን አደረግሽው?» አላት ትንሹ።

«ለአምስታችን አብቃቃነው።»

ከድርቁ በፊት ስምንት እንደነበሩ አውቃለሁ። ልጁ ግን ጣሳዋን ሊያጠጣ ውኃ ፍለጋ ሮጧል።