የአሮጌ ማንዶሊን ክር አመራረጥና አለዋወጥ

አሮጌ ማንዶሊን በውርስ ወይም በግዢ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ክር መግጠም ነው፡፡ የዛገው ክር ወልቆ አዲሱ ሲተካ መሣሪያው ወደ ቀድሞ ድምፁ እንደሚመለስ ይጠበቃል፡፡ ይሁንና ለረጅም ዓመታት የቆየ ማንዶሊን ብዙውን ጊዜ ለጉዳት የሚጋለጠው በዚሁ አጋጣሚ ነው፡፡ ከልክ በላይ የወፈረ ክር ከተገጠመለት አንገቱ ይጎብጣል፣ የፊቱ ሳንቃ ይሰምጣል፣ ሙጫውም ይለቃል፡፡ ጉዳቱ በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል፤ በሚታይበት ጊዜ ግን የጥገናው ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፡፡

ማንዶሊን ስምንት ክሮች ያሉት ሲሆን፣ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአራት ድምፆች ይቃኛሉ፡፡ ቅኝቱ ከቫዮሊን ጋር አንድ ነው፡፡ ከወፍራሙ ጀምሮ ሶል፣ ሬ፣ ላ እና ሚ፣ በፊደል አጠራር ደግሞ ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ ይባላል፡፡ በአገራችን የአንጋፋው ሙዚቀኛ አየለ ማሞ ስም ከዚህ መሣሪያ ጋር ተያይዞ ይነሳል፡፡

ሸክሙ ምን ያህል ነው?

የአንድ ክር ውጥረት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፡፡ እነሱም የሚቃኝበት ድምፅ፣ የሚርገበገበው ክፍል ርዝመትና የክሩ ክብደት ናቸው፡፡ ቅኝቱና የመሣሪያው መጠን ስለማይለወጡ በባለቤቱ ምርጫ ላይ የተተወው ሦስተኛው ብቻ ነው፡፡

የክር ውፍረት የሚለካው በኢንች ሲሆን፣ 0.010 ኢንች ወይም ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነው ክር በተጫዋቾች ዘንድ 10 ቁጥር ይባላል፡፡ የክሩ ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ በሆነ ማንዶሊን ላይ 10 ቁጥር የብረት ክር ሚ ላይ ሲቃኝ 8.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባል፡፡ በ11 ቁጥር ቢተካ ውጥረቱ ወደ 10.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል፡፡ ውፍረቱ የጨመረው 10 በመቶ ብቻ ነው፡፡ የክሩ ክብደት ግን ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ውጥረቱ በ21 በመቶ ይጨምራል፡፡

ስምንቱ ክሮች ሲደመሩ በቀላሉ ከ60 ኪሎ ግራም ያልፋሉ፤ በወፍራሞቹ ደግሞ 80 ኪሎ ግራምን ይሻገራሉ፡፡ ይህን ሸክም ቀንና ሌሊት የሚሸከመው ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃና አንድ ቀጭን አንገት ነው፡፡

መሣሪያውን መለየት

ክር ከመግዛት በፊት ማንዶሊኑ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ የመጀመሪያው የናፖሊ ማንዶሊን ሲሆን፣ ጀርባው ከቀጫጭን የእንጨት ቁራጮች ተገጣጥሞ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተሠራ ነው፡፡ ቪናቺያና ካላቼ የተባሉት የጣሊያን ቤተሰቦች በዚህ ሙያ ይታወቃሉ፡፡ የፊቱ ሳንቃ ክሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ፣ በተለምዶ ብሪጅ ከሚባለው፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ይታጠፋል፡፡ ሳንቃው ቀጭን በመሆኑ ሸክም ሲበዛበት መስመጥ የሚጀምረው በዚሁ አካባቢ ነው፡፡ ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ከሁሉም የቀለለው፣ ከ9 ቁጥር ጀምሮ 32 ወይም 34 አካባቢ የሚያበቃው ክር ይመረጣል፡፡

ሁለተኛው የአሜሪካ ማንዶሊን ነው፡፡ ኦርቪል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1898 የባለቤትነት መብት ያገኘበት አሠራር ፊቱና ጀርባው እንደ ቫዮሊን ተፈልፍሎ የሚወጣ ነበር፡፡ በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ ከ1902 ጀምሮ ይህን አሠራር አስፋፍቶታል፡፡ የተፈለፈለ ሳንቃ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ሆኖም ኩባንያው አንገትን የሚያቃና ብረት ዘንግ ማስገባት የጀመረው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው፡፡ ከዚያ በፊት የተሠራ አንገት አንዴ ከጎበጠ በመፍቻ አይቃናም፡፡ ስለዚህ ለአሮጌ ጊብሰንና ለመሰሎቹ 10፣ 14፣ 24 እና 34 ቁጥር የያዘው ቀላል ስብስብ ተስማሚ ነው፡፡ 11፣ 15፣ 26 እና 40 ቁጥር የያዘው ስብስብ ጠንካራ ድምፅ ቢሰጥም ለዘመናዊና ዘንግ ላለው መሣሪያ ቢተው ይመረጣል፡፡

የማዕድኑ ዓይነት

ላ እና ሚ እርቃናቸውን ያሉ የብረት ክሮች ሲሆኑ፣ ሶልና ሬ ግን ሌላ ማዕድን የተጠመጠመባቸው ናቸው፡፡ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ የሆነው ጥምጥም ሲገጠም ደማቅ ድምፅ አለው፤ ድምቀቱ ግን ቶሎ ይደበዝዛል፡፡ ፎስፈር ብሮንዝ የሚባለው መዳብና ቆርቆሮ ሞቅ ያለ ድምፅ ሲኖረው፣ ዝገትንም ይበልጥ ይቋቋማል፡፡ ኒኬል ለስለስ ይላል፡፡ ጥምጥሙ ጠፍጣፋ የሆነ ክር ደግሞ የጣት ፉጨት አያሰማም፤ ፍሬቶቹንም ብዙ አይበላም፡፡ ይህ ምርጫ በአብዛኛው የጆሮ ጉዳይ ነው፡፡ ለእንጨቱ የሚያሰጋው ውፍረቱ ነው፡፡

የማንዶሊን ክር ሲታጣ

የጊታር ክር ከማንዶሊን ክር ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፡፡ ልዩነታቸው አብዛኞቹ የማንዶሊን ክሮች ጫፋቸው ላይ ቀለበት ሲኖራቸው የጊታር ክር ግን ትንሽ የብረት ድብልብል ያለው መሆኑ ነው፡፡ ድብልብሉን በጉጠት ጨፍልቆ ወይም ገፍቶ በማውጣት ቀለበቱን ማስቀረት ይቻላል፤ ይህን ሲያደርጉ መነጽር ማድረግ ይገባል፡፡ ከ10 ቁጥር የሚጀምሩ ሁለት የአኩስቲክ ጊታር ስብስቦች ለሚ 10፣ ለላ 14፣ ለሬ ደግሞ 23 ቁጥር ጥንድ ያስገኛሉ፡፡ ለሶል ግን 34 ቁጥር አካባቢ የሆኑ ሁለት ነጠላ ክሮች ለብቻ መፈለግ አለባቸው፡፡ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የሚያስመጣ ሰው ማንዶሊን፣ ሉፕ ኤንድ፣ ከ10 እስከ 34 ብሎ ቢጽፍለት ስህተት አይፈጠርም፡፡

ከመለወጥ በፊት

በቅድሚያ መሣሪያውን ከጎን መመልከት ያስፈልጋል፡፡ የፊቱ ሳንቃ ብርኩማው ሥር ሰምጦ እንደሆነ፣ አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ መኖሩንና ክሮቹ ከፍሬቶቹ ከመጠን በላይ መራቃቸውን ማጣራት ይገባል፡፡ ሳንቃውን በጣት ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርጉ የሚንቀጫቀጥ ድምፅ ከተሰማ በውስጥ የተለቀቀ ድጋፍ ሊኖር ይችላል፡፡ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ክሩን አላልቶ ወደ ባለሙያ መሄድ እንጂ አዲስ ክር መግጠም አይገባም፡፡

ብርኩማው በሙጫ ያልተጣበቀ በመሆኑ ቦታውን ይዞ የሚቆየው በክሮቹ ጫና ነው፡፡ ስለዚህ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መፍታት ቦታውን ያጠፋል፤ እንጨቱንም ከሸክም ወደ ባዶነት በድንገት ያሸጋግረዋል፡፡ ክሮቹ ከመነካታቸው በፊት በብርኩማው ግራና ቀኝ ለስላሳ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፡፡ የቫርኒሹ ልባጭ የሚላቀቅ ከሆነ ግን ፕላስተሩ ይቅር፤ ርቀቱን በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብ ይበቃል፡፡

አለዋወጡ

ክሮቹ አንድ በአንድ ይለወጣሉ፡፡ አሮጌው ክር ሙሉ በሙሉ ላልቶ ከወጣ በኋላ የአዲሱ ቀለበት ከታች ባለው ማሰሪያ መንጠቆ ላይ ይገባል፡፡ ቀለበቱ እንዳያመልጥ በአንድ እጅ ወጠር አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፡፡ ሌላው ጫፍ በብርኩማውና በአንገቱ ራስ ላይ ባለው ነት ስንጥቅ አልፎ በመቃኛው ቀዳዳ ይገባል፡፡ ለጥምጥሙ ክር ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ ለእርቃኑ ደግሞ አራት ያህል ዙር እንዲጠመጠም መጠነኛ ትርፍ ይተውለታል፡፡ ትርፉ የሚቆረጠው ቅኝቱ ከተያዘ በኋላ ነው፡፡ የጥምጥሙ ክር ጥምጥሙ እንዳይፈታ ከመቆረጡ በፊት መታጠፍ አለበት፡፡

ነቱ ላይ ክሩ እየያዘ ጭር የሚል ድምፅ ካሰማ ስንጥቁን በእርሳስ ጫፍ መቀባት ያለሰልሰዋል፡፡ ለብዙ ዓመታት ያለ ክር የተቀመጠ መሣሪያ ከሆነ መጀመሪያ ሁሉንም ክር ከቅኝቱ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጎ አንድ ቀን ማሳደር፣ ከዚያም ሳንቃውንና አንገቱን ዳግም አይቶ ወደ ሙሉ ቅኝቱ ማምጣት ይመከራል፡፡

ክሮቹ ሲወጠሩ የብርኩማውን አናት ወደ አንገቱ ይጎትቱታል፡፡ በየጊዜው ከጎን እያዩ በሁለት እጅ ቀጥ ማድረግ ካልተቻለ ሊወድቅና ሳንቃውን ሊሰነጥቅ ይችላል፡፡

የመጨረሻው ፍተሻ

12ኛው ፍሬት የክሩ አጋማሽ ነው፡፡ በዚያ ቦታ ክሩን በጣት ነካ ብቻ አድርጎ የሚወጣው ድምፅና ተጭኖ የሚወጣው ድምፅ እኩል መሆን አለባቸው፡፡ ተጭኖ የሚወጣው ከፍ ካለ ክሩን ትንሽ አላልቶ ብርኩማውን ወደ ክር ማሰሪያው፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ወደ አንገቱ በትንሽ በትንሹ ማንቀሳቀስ ነው፡፡ አዲስ ክር ለአንድ ሁለት ቀን እየላላ ስለሚቀጥል ፍተሻው ከዚያ በኋላ ቢደገም ይሻላል፡፡

ክር መለወጥ ያለበት ሲዝግ፣ ሲጠቁር ወይም ጥንዶቹ አብረው አልቃኝ ሲሉ ነው፡፡ ከተጫወቱ በኋላ ላብን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያራዝመዋል፡፡ እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በመሆኑም መሣሪያውን ከፀሐይና ከማሞቂያ አርቆ በሣጥኑ ማስቀመጥ ይገባል፡፡ የወጣውን አሮጌ ክር ውፍረት በካሊፐር ለክቶ ከሣጥኑ ጋር ጽፎ ማኖርም በሚቀጥለው ግዢ ከግምት ያድናል፡፡ የተጻፈው ቁጥር የሚነግረው ግን ባለፈው የተገጠመውን እንጂ መገጠም የሚገባውን አይደለም፡፡ የሚጠራጠር ሰው ቀለል ያለውን ይግዛ፤ የሳሳ ድምፅ በሌላ ክር ይስተካከላል፣ የሰመጠ ሳንቃ ግን በክር አይመለስም፡፡